የአውራ ጣት ጥፍር ሥጋ ውስጥ እየገባ ሲያስቸግር ምን ይደረግ?

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። የ16 ዓመት ታናሽ ወንድሜ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥጋውን እየበሳ መግባት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። ክረምቱን ሙሉ በጭቃው ምክንያት ጠባብ የፕላስቲክ ቦቲ ሲያደርግ ነበር። ሕመሙ ሲጀምረው የጥፍሩን ጥግ በምላጭ ቆርጦ አወጣውና ለሳምንት ያህል ተሻለው፤ ከዚያ ግን ብሶ ተመለሰ። አሁን ጠርዙ ቀልቶ አብጧል፣ ማታ ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ ይጮኻል። እናታችን ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ልታስርለት ትፈልጋለች። እኔ እህቱ ግን ፈርቻለሁ። ጥፍሩ መነቀል አለበት?

መልስ፣ ነርስ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይቅር፤ ጥሬው ታስሮ ሲያድር ቆዳ ያቃጥላል። ነገሩን ያባባሰው ምላጩ ነው። ጥጉ ጠልቆ ሲቆረጥ ከሥጋው በታች፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ እንደ እሾህ የሾለ ስባሪ ይቀራል፤ ጫናው ስለሚቀንስ ለጊዜው የዳነ ይመስላል፣ ጥፍሩ ወደ ፊት ሲያድግ ግን ስባሪው ሥጋውን እየወጋ ይሄዳል።

መግል ካልያዘ እግሩን ለብ ባለ ውኃ በቀን ሦስት ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፈውና በደንብ ያድርቀው። ቆዳው ሲለሰልስ፣ እንደ ክር የተጠመዘዘ ትንሽ ንጹሕ ጥጥ ከጥፍሩ ጠርዝ ሥር ቀስ ብሎ ይግባ፤ በየቀኑም ይለወጥ። ጥጉ ከሥጋው ጫፍ እስኪያልፍ ድረስ አይቆረጥ፤ ከዚያ በኋላም ጥፍሩን ሳያሳጥር ቀጥ አድርጎ ይቁረጠው። የእግር ጥፍር በወር ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማያድግ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መግል ካለ፣ ቅላቱ ወደ እግሩ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በምላጭ ስለተቆረጠም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ጠይቂለት።

መልስ፣ መምህር ከደብረ ሲና

በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ ክሊኒክ ጥፍሬን ሙሉ በሙሉ ነቀለው፤ አዲሱ ከዓመት በላይ ፈጅቶ ሲበቅል በዚያው ጎን ተመልሶ ገባ። ሁለተኛ ጊዜ ያየኝ ሐኪም የገባውን ጠርዝ ብቻ በቁመቱ ቆርጦ አወጣና፣ ያ ጠርዝ ዳግም እንዳይበቅል ሥሩን ፌኖል በሚባል ኬሚካል አቃጠለው። ያመመኝ በጣቴ ሥር የተወጋሁት ማደንዘዣ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰብኝም፤ ስለዚህ ይነቀል ከተባላችሁ ጠርዙ ብቻ ቢወጣ አይበቃም ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቦቲውንም ቀይሩለት፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ስወርድ ጣቴ በየእርምጃው ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ የነበረውን እኔ አውቀዋለሁ።

መልስ፣ ከአንኮበር

ይህን የሚያነብ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ ጥጡንም መቁረጡንም በራሱ እንዳይሞክር አደራ እላለሁ። አባቴ ስኳር ነበረባቸው፤ እግራቸው ስለደነዘዘ ጥፍሩ ሥጋቸውን ሲበሳ አልተሰማቸውም፤ ያወቅነው ካልሲያቸው በመግል ርሶ ስናየው ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከዘፈዘፈው በኋላ ጠርዙን ቀስ ብዬ ብጫነው መግል ወጣ። ጥጡን ትቼዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ እናቴም ተስማምታለች።