ከቬጋስ ኢሊ ማታ ለሚነዳ ሰው ሳተላይት ሬዲዮ ያዋጣል?

የቬጋሱ ሹፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቬጋስ 9 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ ግን ገና 7 ወሬ ነው። አሁን ምግብ ከሚያከፋፍል ድርጅት ጋር ነኝ። በሳምንት ሁለቴ ማታ ከሰሜን ቬጋስ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ) ይዤ እዚሁ ኔቫዳ ኢሊ ከተማ እወጣለሁ፣ አንዳንዴም ኤልኮ ድረስ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ15 ወጥቶ 93ን መያዝ፣ አላሞንና አሽ ስፕሪንግስን ማለፍ፣ ከዚያ ወደ 318 መታጠፍ ነው። ሂኮን ካለፍኩ በኋላ ሉንድ እስክደርስ መብራት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ስልኬም ኔትወርክ አያገኝም። ኤፍኤሙማ ገና አላሞ ሳልደርስ ሿ ማለት ይጀምራል።

ታክሲ ላይ ጆሮዬ ሰው ለምዷል። ተሳፋሪው ቢያወራ ይወራል፤ ባያወራም ኤርፖርት ወረፋ ላይ ከልጆቹ ጋር ስንጫወት እናመሻለን። አሁን ሰዓታት ሙሉ የሞተሩን ድምፅና የሪፈሩን ጉርምርምታ ብቻ እየሰማሁ ስነዳ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእንቅልፉ ይልቅ ዝምታው ይከብደኛል።

መኪናው ሲሪየስ ኤክስኤም የሚባለው ሳተላይት ሬዲዮ የተገጠመለት ነው። 3 ወር በነፃ ሰማሁት፣ ባለፈው ቅዳሜ አለቀ። ከዚህ በኋላ በየወሩ መክፈል ነው። ባለቤቴ "በሳምንት ሁለት ቀን ለምትሰማው ነገር?" ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ቤት ውስጥ የሚከፈል ሞልቷል። ደግሞ ዋይት ሪቨር ናሮውስ የሚባለው ገደል ውስጥ ስገባ ድምፁ ይጠፋል። ይሄስ ይሁን፤ ሜዳ ላይም ወደ ኢሊ ስወጣ አንዳንዴ ቁርጥ ይላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ለምን እንደሚቆርጥ አልገባኝም።

ባለፈው ማርች ሰኒሳይድ አካባቢ በረዶ ያዘኝና ዳር ይዤ ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ባለቤቴን ከአላሞ ደውዬ "ኢሊ ስደርስ እደውላለሁ" ብያት ነበር፤ ድምፄን የሰማችው ሊነጋ ሲል ነው። እንዲህ ላለው ቀን ይሄ ሬዲዮ ይጠቅመኛል? ወይስ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ላውለው? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።

ሪፈር ከሚኒሶታ፦

ክፈል ወንድሜ፣ አትቆጭም። እኔ ሞንታናን በ2 ቁጥር መንገድ የማቋርጥ ሰው ነኝ። የ2022 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ከግላስጎ ወደ ሃቭር እየነዳሁ ጨዋታውን በቀጥታ ሰማሁት፤ ጎል ሲገባ ካቢኑ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። እዚያ ሜዳ ላይ በስልክ ልስማ ብትል አንድ ደቂቃ ሰምተህ አምስት ደቂቃ ስልኩ ላይ ክቧ ስትዞር ታያለህ። ቀጥታ ሥርጭት የምትወድ ከሆነ ያዘው።

የዳላሱ፦

እኔ ደግሞ አትክፈል ባይ ነኝ። ቻናሎቹን ከላይ እስከ ታች ፈትሼ አንድም የአማርኛ አላገኘሁም። እኔ ቤት ዋይፋይ ላይ ትረካ፣ ስብከት፣ መዝሙር፣ የድሮ ቃለ መጠይቅ አውርጄ ነው የምወጣው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ በትረካ ከዳላስ ኤል ፓሶ ያደርሰኛል። ፔኮስና ቫን ሆርን መሃል ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም። ከቴሌግራም ስታወርድ ግን ፋይሉ ሙሉ በሙሉ መውረዱን ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገህ እዚያው ቤትህ ከፍተህ እይ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላይ ወጥቼ በረሃ መሃል የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ቆሞብኛል።

የሚሌ መንገድ (ዴንቨር)፦

ወንድሜ፣ ከመቆራረጡ ልጀምር፤ እሱ መልስ አለው። ሳተላይቶቹ ያሉት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ከኔቫዳ ሲታዩ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናቸው፣ ከአድማሱና ከአናትህ መሃል። አንተ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው የምትወጣው። ስለዚህ ሳተላይቱ ከኋላህ ነው፤ ከኋላህ 13 ጫማ ተኩል ከፍታ ያለው የትሬለር ግድግዳ ቆሟል። አንቴናው ጣራው ላይ ወደ ትሬለሩ ተጠግቶ ከሆነ ወይም ዳሽቦርድ ላይ ከሆነ ሳጥኑ ይከልለዋል። ኮከቡን የምታየው በፊት መስታወት ነው፣ ሬዲዮው የሚፈልገው ሰማይ ግን ከጀርባህ ያለው ነው። ስትመለስ እነዚያው ቦታዎች ላይ ልብ ብለህ ስማ። ወደ ቬጋስ ስትወርድ ካልቆረጠ ችግሩ የአንቴናው አቀማመጥ ነው። እኔ የኔን የጎን መስታወቱ ብረት ላይ አስሬዋለሁ፣ ከሳጥኑ ወጣ ስለሚል። መኪናው የድርጅቱ ስለሆነ አንተ መጀመሪያ አስፈቅድ። ለገደሉ ግን መድኃኒት የለውም። እኔም ግሌንዉድ ካንየን ስገባ ድንጋዩ ግራ ቀኝ ቆሞ ይወስድብኛል፣ ስወጣ ይመልስልኛል። ከተማ ውስጥ በፎቅ መሃል የማይቆርጠው ምድር ላይ የተተከሉ ማሰራጫዎች ስለሚያግዙት ነው። 318 ላይ ያንን የሚተክል የለም።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ እዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጌ አሰብ፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በጋላፊ ጅቡቲ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው። ቴፑ ካሴት ይበላ ነበር፤ ክሩን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን እንመልሰዋለን። ግን በዚያ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ያነቃኝ የነበረው ቴፑ አልነበረም፣ ረዳቴ ነው። ያወራኛል፣ እመልስለታለሁ። አንገቴ ዘንበል ሲል ያያል። "ጋሼ፣ እዚህች ጋ ጎማ እንይ" ይለኛል፤ ጎማው ምንም እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ለማውረድ ነው። እዚህ አገር ረዳት የለም። ሬዲዮው የረዳቱን ግማሽ ሥራ ይሠራልሃል፣ ያወራል። ሌላውን ግማሽ ግን አይችልም።

ይሄን ዩታ ላይ ነው ያየሁት። በ70 ቁጥር መንገድ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና 110 ማይል ያህል ማደያም ምግብ ቤትም የለም። ከ6 ዓመት በፊት በጃንዋሪ ሌሊት፣ ሳን ራፋኤል አካባቢ፣ የፍሬኑ የአየር ቱቦ ፈንድቶ ጎማው ተቆለፈ። ዳር ለመድረስ ያህል ብቻ ነው የበቃሁት። ሦስት ማዕዘኑን ልተክል ወርጄ ስመለስ ጣቶቼ የበሩን እጀታ መሳብ አቅቷቸው፣ በሁለት መዳፌ ጨብጬ ነው የከፈትኩት። ስልኬ አይሠራም። ሬዲዮው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ላይ ነበርኩ፤ ስለ ለንደን ሰማሁ፣ ስለ ቶኪዮ ሰማሁ፣ እኔ የት እንዳለሁ ግን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ከሁለት ሰዓት በኋላ የደረሰልኝ ሲቢው፣ ሹፌሮች እርስ በርስ የምንነጋገርበት ሬዲዮ ነው። ቻናል 19 ላይ ደጋግሜ ስጣራ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አንድ ሹፌር መለሰልኝ፤ ሳላይና ሲደርስ ደውሎ ጥገና ላከልኝ። ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ስለዚህ ለበረዶው ቀን ይጠቅመኛል ወይ ላልከው፣ አይጠቅምህም። ለዝምታው ግን ይጠቅምሃል፤ እኔም እስከ ዛሬ እከፍላለሁ። 146 ላይ ሮድ ዶግ ትራኪንግ የሚባል የሹፌሮች ቻናል አለ። ሰው ከየመንገዱ እየደወለ ስለ ጭነት ዋጋ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ጀርባ ሕመሙ ሳይቀር ያወራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንደኔው መሪ የያዘ ሰው ሲናገር መስማት ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ወሬ የማይጥምህ ከሆነ ግን የዳላሱ ልጅ ልክ ነው፣ ገንዘብህን ያዝ።

ከመመዝገብህ በፊት የቅናሹ ጊዜ ሲያልቅ በወር ስንት እንደሚሆን ጠይቅና ቀኑን ስልክህ ላይ ጻፈው። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ብዙ ወር በሙሉ ዋጋ ከፍያለሁ። ክፍያው ደግሞ ከሬዲዮው ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ድርጅቱ ነገ ሌላ መኪና ቢሰጥህ እንዴት እንደሚዛወር እወቅ።

በነፃ ያለውንም አትናቅ። ማታ ፀሐይ ስትገባ የኤኤም ሞገድ ከላይኛው አየር ነጥሮ ሩቅ ይሄዳል። ከሶልት ሌክ ኬኤስኤል 1160 በ50,000 ዋት ነው የሚያሰራጨው፤ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ሌሊት ሰምቼዋለሁ። የአየር ሁኔታ ሬዲዮም አለ፣ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ፤ ብዙ ሲቢዎች ላይ "ደብሊው ኤክስ" የሚል ቁልፍ ተጭነህ ታገኘዋለህ። ሸለቆ ውስጥ ሁሉ አይደርስም፣ ግን ከመውጣትህ በፊት ስማው። የመንገዱን ሁኔታም ኔትወርክ ሳይጠፋህ አሽ ስፕሪንግስ ላይ ቆመህ 511 ደውል።

አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። እንቅልፍ ሲመጣ ድምፅ አትጨምር። ቁም።

የሹፌር ቤት (ሲያትል)፦

እኔ ከባለቤትህ ወገን ሆኜ ልናገር። የኔ ባለቤት አይዳሆንና ሞንታናን የሚያካልል ነው። እሱ ሬዲዮውን ሲያዳምጥ እኔ ስልኬን ነው የማዳምጠው። ሁለት ልጆች አስተኝቼ፣ ስልኩን ትራስ ሥር አድርጌ፣ "አሁን የት ደርሶ ይሆን" እያልኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ጋርሚን ኢንሪች የሚባለውን መሣሪያ ገዛን። ከመዳፍ አይበልጥም። ኢሪዲየም በሚባሉት ሳተላይቶች ስለሚሠራ ሰማይ እስካየ ድረስ መልእክት ይልካል፣ ይቀበላልም። አስቀድሞ የተጻፈ አጭር መልእክት አለው፤ ሲቆም ይጫነዋል፣ እኔ ካርታ ላይ አየዋለሁ። ኤስኦኤስ የሚባል የድንገተኛ ጊዜ እርዳታ መጥሪያም አለው። ለሱም ወርሃዊ ክፍያ አለ፣ አልዋሽህም። ግን እኔ ብመርጥ መጀመሪያ እሱን፣ ከተረፈ ሬዲዮውን።

ስልክህ አይፎን 14 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የድንገተኛ ጊዜ እርዳታ መጥራት ይችላል። ቲ-ሞባይልም ከ2025 ጀምሮ በስታርሊንክ ሳተላይት ቴክስት ያስልካል። መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለውን እይ፣ ከዚያ ግዛ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሳተላይት ሬዲዮ ከተነሳ አንድ ሰው ሳይጠራ አይለፍ። አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ ሳማራ ወርልድ ስፔስ የተባለውን የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያ ያቋቋመው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ለአፍሪካ የታሰበው አፍሪስታር ሳተላይት በ1998 ተመጠቀ፤ እዚህ አሜሪካ ኤክስኤም ሥርጭት የጀመረው ከዚያ በኋላ በ2001 ነው። ልጅ እያለሁ አጎቴ አዲስ አበባ ቤቱ በረንዳ ላይ አንቴናዋን ተክሎ ነበር፣ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ነገር። የሲግናሉ መስመር እስኪሞላ በጣቱ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ያዞራታል፤ ከሞላ በኋላ ግራና ቀኟን በድንጋይ ደግፎ "ማንም እንዳይነካት" ይለናል። ኩባንያው በ2008 ኪሳራ ውስጥ ገባ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፤ ጆርጂያ አቬኑን ባለፍኩ ቁጥር የአጎቴ በረንዳ ትዝ ይለኛል። ለጥያቄው መልስ ባይሆንም አንተ የምትነዳበት በረሃ ላይ የሚወርደው ድምፅ የኛ ሰው ቀድሞ የደከመበት ነገር መሆኑን እወቅልኝ።

የቬጋሱ ሹፌር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ የመጣሁት ሞክሬ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ጋሽ የሚሌ፣ ለአንድ ወር ብቻ ከፍዬ እንዳሉኝ ልብ ብዬ ሰማሁ። ወደ ኢሊ ስወጣ አምስት ቦታ ቆረጠ። ስመለስ አንድ ቦታ ብቻ፣ እሱም ናሮውስ ውስጥ። አንቴናው ጣራው ላይ ከኋላ በኩል ነው ያለው፤ አለቃዬን አስፈቅጄ መስታወቱ ጋ ላዛውረው ነው። ኬኤስኤልንም ሞከርኩ። ሰኒሳይድ ላይ መጣ፣ ትንሽ ሄድ መለስ ይላል እንጂ ይሰማል። ሲቢ ገዝቻለሁ፤ 318 ላይ ሌሊት የሚመልስ ብዙ የለም፣ 93 ላይ ግን አለ።

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የሲያትሏን እህቴን መልእክት አነበብንና መሣሪያዋን አስቀደምን። ሬዲዮውን ወር በወር እያየሁ ነው የምይዘው፣ ያ 146 ለምዶብኛል። የዳላሱ፣ አንድ ትረካም አውርጃለሁ፤ ግማሹ ለዛሬ ቀርቶኛል።

ማክሰኞ ሌሊት ሰኒሳይድ ጋ ዳር ይዤ ቆምኩና መልእክቷን ተጫንኩ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለ። ጎማ ዞሬ አይቼ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ ፊደል "ካርታው ላይ አየሁህ። በል ልተኛ" ብላ ጽፋለች።