የአምስት ዓመት ልደት በጾመ ነቢያት ሲውል ምን ማድረግ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ ኅዳር 18 አምስት ዓመት ይሞላታል። አምና ሠላሳ ያህል ሰው ጠርቼ ከሌሊት ጀምሮ ጓዳ ስባክን ውዬ፣ ሻማው የበራው ከመሸ በኋላ ስለነበር ልጄ በብርዱና በሰዉ ብዛት ተረብሻ አልጋ ሥር ገብታ ስታለቅስ ተገኘች። መቼ ከሳሎን እንደወጣች እንኳ አላየሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግሞም ጾሙ በየዓመቱ ኅዳር 15 ስለሚገባ ልደቷ ሁልጊዜ በጾም ውስጥ ነው። እሷ ገና ሰባት ዓመት ስላልሞላት ጾም አይጠበቅባትም፤ አማቴና የእድር ጎረቤቶቼ ግን ይጾማሉ። እነሱን ጠርቼ እንቁላልና ወተት የገባበት ኬክ ማቅረብ ይከብደኛል፤ ሳልጠራቸው ብቀር ደግሞ ቅር ይላቸዋል ብዬ እሰጋለሁ። ያለፋችሁበት እናቶችና አባቶች ብትመክሩኝ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ደብረ ሲና

እኅቴ፣ አምና ያደከመሽ ሁለት ድግስ በአንድ ቀን መደገስሽ ይመስለኛል። የልጆቹን ከአዋቂዎቹ ለዪው። ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት የሚሆኑ ጓደኞቿን ብቻ ጥሪ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ጎረቤቶችሽን ቡና ጠርተሽ ልጅሽን ያስመርቋት። ምርቃቱን የሚሰጡት በዕድሜ የገፉት ስለሆኑ፣ ለእነሱም የልጆች ጩኸት ከሌለበት ቡና የሚሻል የለም።

ምግቡን ሁሉ የጾም ብታደርጊው ማንም አይቸገርም። ድፎ ዳቦ ከጥቁር አዝሙድ ጋር፣ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ሊጡ በብርዱ ምክንያት ቶሎ ኩፍ አይልምና ዓርብ ማታ አቡክተሽ፣ ዕቃውን ከድነሽ በጋቢ ጠቅልለሽ ምድጃው አጠገብ አሳድሪው፤ ጠዋት ክዳኑን ስታነሺ መሐሉ አረፋ አውጥቶ፣ በጣትሽ ስትነኪው ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል ማለት ነው። የጾም ኬክ ራስሽ የምትጋግሪ ከሆነ ግን ቤኪንግ ፓውደሩን ከተጻፈው መጠን ትንሽ ቀንሺ፤ ከተማው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰረጉዳል።

አባት፣ ደብረ ብርሃን

በዚህ ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሰዓቱ ነው። ኅዳር ላይ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ብርዱ ወዲያው እንደሚገባ ያውቁታል። ስምንት ሰዓት ላይ ተጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ ቢያልቅ ልጆቹ በፀሐይ ተጫውተው በፀሐይ ይመለሳሉ። ማለቂያውን ሰዓት ለወላጆች ሲነግሩ ከመጀመሪያው አብረው ይናገሩ፤ እኛ ይህን ባለመናገራችን አንድ ሕፃን እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ወላጁን ሲጠብቅ አምሽቷል፤ ልጁንም እኛንም አሳዝኖናል።

ለጨዋታ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ግቢው ውስጥ አኩኩሉ፣ ሲደክማቸው ደግሞ ተቀምጠው እንቆቅልሽ ይጫወቱ። የእኔ ልጅ መልሱ ሲጠፋባት «አገር ስጪኝ» ተብላ አንኮበርን ሰጥታ፣ ያን ዕለት ያገኘችውን ስጦታ ሁሉ ረስታ ስለ አንኮበር ስትጠይቀኝ አመሸች።

የጤና ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

ስለ ቆሎው አንድ ነገር ላሳስብ። የተጋበዙት ልጆች ታናናሾቻቸውን ይዘው መምጣታቸው አይቀርም፤ ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት በታች ለሆኑት ቆሎም ሆነ ፈንድሻ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ በቀላሉ ትንፋሽ ቧንቧቸው ውስጥ ገብቶ ያንቃቸዋልና። ለእነሱ ዳቦና ሙዝ ለብቻ ይቀመጥላቸው። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ ወዲያው ከወለሉ ይነሣ። ቢቻል አንድ አዋቂ፣ ምግብ የማቅረብ ሥራ የሌለበት፣ ዓይኑን ከልጆቹ ላይ ሳይነቅል ይቀመጥ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአማቴ ዛሬ ነገርኳቸውና የእሑዱን ቡና እኔ አፈላለሁ ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ዳቦውንም የሚደፉት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ዓይኑን ከልጆቹ ላይ የማይነቅለው ሰው እኔ እሆናለሁ።