ለቺፕ ንድፍ ፓይተን ይበቃኛል ወይስ ቲክልንም ልማር?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
የተከበራችሁ አባላት፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ለመመረቂያ ሥራዬ አነስተኛ የቆጣሪ ቺፕ ኦፕንሮድ በተባለው የቺፕ ንድፍ ሶፍትዌር እየነደፍሁ ነው። የፓይተንን የፕሮግራም ቋንቋ በሚገባ እጽፋለሁ፤ የጊዜ ገደቡ ፋይል (ምልክቶች በስንት ጊዜ መድረስ እንዳለባቸው ለሶፍትዌሩ የሚነግረው) ግን የሚጻፈው ቲክል በተባለው ሌላ ቋንቋ ነው። የ8 ፖርቶችን (የቺፑን የምልክት መግቢያና መውጫዎች) ስም በየተራ «ፒ» በተባለ ተለዋዋጭ እየያዝሁ ለእያንዳንዱ የመዘግየት ልክ ልሰጥ ብሞክር፣ ሶፍትዌሩ ከነዶላር ምልክቱ «ፒ» የሚባል ፖርት እንዳላገኘ ይነግረኛል። ተለዋዋጩን የጻፍሁት በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ነው። ጋቢ ደርቤ ሁለት ሌሊት ብፈልገውም ስሕተቱን አላገኘሁትም። ቲክልንስ መማር የግድ ነው?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)
እህቴ፣ ጥፋቱ ቅንፉ ነው። በቲክል ጥምዝ ቅንፍ በውስጡ ያለው ሁሉ እንዳለ እንዲያልፍ ስለሚያደርግ፣ የዶላር ምልክቱ በተለዋዋጩ ዋጋ ሳይተካ የስሙ አካል ሆኖ ይቀራል። በትእምርተ ጥቅስ ይለውጡት፤ በጥቅስ ውስጥ መተካቱ ይፈጸማል። ሆኖም በጥቅስ ውስጥ ማዕዘን ቅንፍ ካለ ቲክል ይዘቱን እንደ ትእዛዝ ሊያስኬደው ስለሚሞክር፣ «ዳታ» የተባለውን ባስ (የሽቦዎች ጥቅል) ቁጥር 3 ሽቦ፣ ቁጥሩ በማዕዘን ቅንፍ ስለሚጻፍ፣ እንዲሁ ቢጽፉ «3» የሚባል ትእዛዝ ይፈልጋል። አንዳንድ የንድፍ ሶፍትዌሮች ቁጥር ሲያዩ ይህን ያልፉታል፤ እኔ ግን ያው ፋይል ነገ በሌላ ሶፍትዌር ሊነበብ ስለሚችል፣ ከማዕዘን ቅንፉ በፊት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ያዘነበለውን ጭረት አስቀድማለሁ።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)
ቲክልን ይማሩት፤ ከዚህ ሙያ ጋር አብሮ የተወለደ ቋንቋ ነው። ጆን ኡስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምረው የቺፕ ንድፍ ሶፍትዌሮችን ይሠራ ነበር፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን ደካማ የትእዛዝ ቋንቋ ይዞ መምጣቱ ስላስቸገረው፣ በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ ሊተከል የሚችል አንድ ቋንቋ አበጀ። የቺፕ ንድፍ ሶፍትዌር ኩባንያው የሲኖፕሲስ የጊዜ ገደብ አጻጻፍም በቲክል ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ሶፍትዌር ቢለውጡም ይህ እውቀት ይከተልዎታል።

መልስ (ከአዲስ አበባ)
እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ፓይተኑን ግን አይተዉት። ኦፕንሮድ በፓይተንም ይታዘዛል፣ የቺፕ ሥዕል ማያና ማረሚያው ሶፍትዌር ኬሌይአውትም የፓይተንና የሩቢ ቋንቋዎችን ይቀበላል። ከሁሉ በላይ ረጃጅም የጊዜ ሪፖርቶችን አጣርቶ በሠንጠረዥ ለማስቀመጥ ከቲክል ይልቅ ፓይተን ይቀላል። ወደፊት በካደንስ ሶፍትዌር ወደ አናሎግ ንድፍ ከገቡ ደግሞ ከሊስፕ ቋንቋ ቤተሰብ የሆነው ስኪል የተባለ ቋንቋ ይጠብቅዎታል።

ጠያቂዋ
ቅንፉን በጥቅስ ብተካው 8ቱም ፖርቶች ተገኙ። የባሱን ሽቦዎችም ጭረቱን እያስቀደምሁ ጽፌያቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።