የፈቃድ ውሉ ማሻሻያውንም ይጨምራል?

ለጤፍ መውቂያ ማሽኔ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ጥበቃው 15 ዓመት ነው። ለአንድ የብረታ ብረት ድርጅት የ5 ዓመት የማምረት ፈቃድ ሰጠሁ፤ ከተሸጠው እያንዳንዱ ማሽን 4 በመቶ ይከፍሉኛል። እስካሁን በደንብ ከፍለዋል፣ እውነቱን መናገር አለብኝ።

ዘንድሮ ወንፊቱን ቀየርኩት። እብቁ አሁን ከጤፉ ጥርት ብሎ ይለያል። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር ነው። ናሙናውን እንዲያዩት ብወስድላቸው፣ ሳያማክሩኝ ማምረት ጀመሩ። «ፈቃዱ ይሸፍነዋል» ይላሉ። ውሉን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ ማሻሻያ አንድም ቃል የለውም። ሽማግሌም ልኬ ነበር፣ አልሆነም። ለወንፊቱ ገና የፓተንት ማመልከቻ አላስገባሁም።

ውሉ ስለ ማሻሻያ ዝም ካለ፣ አዲሱን ወንፊት ያለ ሌላ ስምምነት የማምረት መብት አላቸው?