የፖሊጎን ቅርብ ማዕዘኖችን ስፈልግ አንዱ ማዕዘን ሁለት ጊዜ ይመጣብኛል

ጥያቄ (ከሐረር)
ሰላም ለሁላችሁ። የጀጎልን ግንብ ከሳተላይት ፎቶ ላይ ተከትዬ 64 ማዕዘኖች ባሉት ፖሊጎን (ባለብዙ ጎን ዝግ ቅርጽ) ከሣልሁት በኋላ በጂኦጄሰን (የካርታ ቅርጾች በጽሑፍ በሚቀመጡበት) ፋይል አስቀምጬዋለሁ። በፓይተን የጻፍሁት ፕሮግራም ካርታው ሲነካ ለተነካው ነጥብ ቅርብ የሆኑትን ሁለት ማዕዘኖች ፈልጎ አዲስ ማዕዘን በመካከላቸው ያስገባል። ሆኖም ሥዕሉን በጀመርሁበት በኤረር በር በኩል ስነካ ሁለቱም መልሶች አንድ ነጥብ ይሆናሉ፤ ሰንጋ በር አጠገብ ደግሞ ማዕዘኖቹ ቢለያዩም አዲሱ ነጥብ ሲገባ መስመሩ ራሱን ያቋርጣል። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ (ከድሬዳዋ)
የኤረር በሩ ችግር የመጣው ከፋይሉ ነው። በጂኦጄሰን ደንብ ቀለበቱ (የፖሊጎኑ ዙሪያ መስመር) የሚዘጋው የመጀመሪያውን ነጥብ መጨረሻ ላይ በመድገም ስለሆነ፣ 64ቱ ማዕዘኖችዎ በዝርዝሩ ውስጥ 65 ሆነዋል። ከመፈለግዎ በፊት የመጨረሻውን ያውጡት፣ ሲያስቀምጡ ይመልሱት። በዚያው ደንብ ኬንትሮስ ከኬክሮስ ይቀድማል፤ እኔ አንድ ጊዜ አገላብጬ ጽፌ ሐረርን ኮርሲካ ደሴት ላይ አግኝቻታለሁ። ርቀቱን በሜትር ለማስላት ወደ ዩቲኤም (ምድርን በኬንትሮስ በዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር ወደሚለካው ሥርዓት) ከቀየሩ ደግሞ የ42 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር በሁለቱ ከተሞቻችን መካከል እንደሚያልፍ ያስታውሱ፤ ድሬዳዋ በዞን 37፣ ሐረር በዞን 38 ስለሚወድቁ የሁለቱን ዞን ቁጥሮች ቀላቅሎ ማስላት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስታል።

ሌላ መልስ (ከሐረር)
የሰንጋ በሩ ግን የአሠራር ስህተት ነው፤ ቅርብ የሆኑ ሁለት ማዕዘኖች የግድ ጎረቤታሞች አይደሉምና። 120 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ጎን መካከል ላይ ቢነኩ ከሁለቱም ጫፎች 60 ሜትር ይርቃሉ፤ ግንቡ ታጥፎ በሚመለስበት በኩል 40 ሜትር ላይ ሌሎች ማዕዘኖች ካሉ ፕሮግራሙ እነዚያን ይመርጣል። ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት ቅርቡን ጎን ነው። የጎኑን ጫፎች ሀ እና ለ፣ የተነካውን ነጥብ መ እንበላቸው። ከሀ እስከ መ ያለውን የምሥራቅ ልዩነት ከሀ እስከ ለ ባለው የምሥራቅ ልዩነት፣ የሰሜኑንም በሰሜኑ አባዝተው ይደምሩና ለጎኑ ርዝመት ካሬ ያካፍሉት። ውጤቱ ከ0 ካነሰ 0፣ ከ1 ከበለጠ 1 ያድርጉት፤ ከሀ ተነሥተው የጎኑን ያንኑ ያህል ክፍል ሲሄዱ የሚደርሱበት ነጥብ በጎኑ ላይ ለመ የሚቀርበው ነው። ከመጨረሻው ማዕዘን ወደ መጀመሪያው የሚመለሰውን ጎን ሳይረሱ ይህን ለሁሉም ይድገሙ። ለ64 ጎን እንደ ኬዲ ትሪ (ብዙ ነጥቦች ሲኖሩ ቅርቡን በፍጥነት ለማግኘት የሚረዳ የመረጃ አደረጃጀት) ያለ ነገር አያስፈልግም።

ጠያቂው
ሁለቱንም አስተካክዬ ሰንጋ በር ላይ በትክክል ሠርቷል፤ አመሰግናለሁ። የቀረኝ፣ ከሹል ማዕዘን ውጭ ስነካ ሁለት ጎኖች እኩል ርቀት ማሳየታቸው ነው።

ሌላ መልስ (ከሐረር)
ለሁለቱም ቅርባቸው ያው የጋራ ማዕዘናቸው ስለሆነ ነው። ለእያንዳንዱ ጎን ከሀ እስከ መ እና ከመ እስከ ለ ያሉትን ርቀቶች ደምረው የጎኑን ርዝመት ይቀንሱ፤ ትንሹ ቁጥር በወጣበት ጎን ላይ ያስገቡት።