ክርክር፦ የውጭ ጉዲፈቻ መዝገብ ይከፈት ወይስ ተዘግቶ ይቅር?

ጥያቄ አቅራቢ፦
«ዲስ ኢዝ አስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ (እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2022 የታየውን) የተከታተላችሁ ራንዳልን ታስታውሱታላችሁ። ነጭ ቤተሰብ ያሳደገው ጥቁር ልጅ ነው። ወላጅ አባቱን በ36 ዓመቱ አገኘው፤ አሳዳጊ እናቱ ግን ሰውየውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቀው ኖሯል። ከእኛ አገር ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቀርቷል። የሄዱት ልጆች ግን አድገዋል፤ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን እየፈለጉ ነው። መንግሥት መዝገቡን ይክፈትላቸው? ወይስ ያለፈው አይነካ?

አንዲት ተሳታፊ፦
አይነካ። ሳታገባ ወልዳ ልጇን በምስጢር የሰጠች ሴት ዛሬ ባልና ልጆች ይኖሯታል። አንድ ቀን ባሕር ማዶ ያደገ ወጣት አስተርጓሚና ካሜራ አስከትሎ ደጇ ላይ ሲቆም ምን ይዋጣት? ልጁ ደስ ብሎት ተመልሶ ይሄዳል፤ እሷ ከጎረቤት አፍ ጋር ትቀራለች። መብት ያለው ልጁ ብቻ አይደለም።

ሌላ ተሳታፊ፦
እህቴ፣ የምትይው አደጋ አለ። ግን መዝገቡ መዘጋቱ ያቺን ሴት አያድናትም። ልጁ ከመንግሥት ምላሽ ሲያጣ ፍለጋውን አይተውም፤ ሰው ይቀጥራል። የተቀጠረው ሰው የድሮ ፎቶ ይዞ «እገሊትን ታውቃላችሁ?» እያለ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ምስጢሯ የሚወጣው እንዲህ ነው።

ደግሞስ እናቶቹ ተደብቀዋል ያለን ማን ነው? «ቤተሰብ ፍለጋ» በተባለው የመረጃ ቋት የሚመዘገቡት ባሕር ማዶ ያደጉ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ልጃቸውን የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም አሉ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችን አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ባህላችንም እንደዚያው ነው፤ ልጅ ለሌላ ቤት ቢሰጥም እናቱን ያውቃል፣ ሲያድግ ይጠይቃታል። አሜሪካ ውስጥ ግን አሳዳጊዎቹ ወላጅ ተብለው የሚጻፉበት አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል። የፈረመችው እናት «ተምሮ ይመለስልኛል» ብላ ነው፤ አሳዳጊዎቹ ደግሞ ልጁ ለዘለዓለም የእነሱ ብቻ እንደሆነ ነው የገባቸው። ይህን ለእሷ በቋንቋዋ በትክክል ያስረዳት ሰው ነበር ወይ?

በዚህ ላይ ፍለጋው ያለ ፋይል አይሆንም። ስማችን የአባት ስም ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ አሳዳጊዎች የራሳቸውን የቤተሰብ ስም ሲሰጡት የአባቱ ስም ይጠፋል። የልደቱ ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲዞር ይዛባል፤ ሆን ተብሎ ዕድሜው የተቀነሰም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ቀበሌዎች ፈርሰው ወረዳ ሆነዋል። የቀረው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የቀበሌው ደብዳቤና የሕፃናት ማሳደጊያው መዝገብ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ሁሌ አይታመኑም፤ «ወላጆቹ ሞተዋል» ተብሎ የተጻፈበት ልጅ እናቱን በሕይወት ያገኘበት ጊዜ አለ። ታዲያ በሕይወት ያለችን እናት ሞታለች የሚል መዝገብ በልጇ ላይ ቆልፎ መቀመጥ ማንን ይጠቅማል? ያንን ወረቀት የጻፈውን ሰው ካልሆነ በቀር!

እኔ የምለው፣ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ፋይሉን ይውሰድ፤ የእናቱ የአሁን አድራሻ ግን አይሰጠው። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ አስቀድሞ ለብቻዋ ያነጋግራት። እምቢ ካለች እምቢታዋ ይከበር።

አንዲት ተሳታፊ፦
በወረቀት ላይ ያምራል። ያ ባለሙያ ግን የእዚያው ወረዳ ሠራተኛ ከሆነ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው ካልሆነ አልስማማም። የገንዘቡንም ነገር ዘለልከው። ልጁ የተማሪ ዕዳ ያለበት ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ባለጸጋ መጣልን ብሎ ይጠብቃል። ይህን ማን አስቀድሞ ለሁለቱም ይነግራቸዋል?

ሌላ ተሳታፊ፦
ከሌላ ቦታ ይምጣ፣ እስማማለሁ። ስለ ገንዘቡም ከመገናኘታቸው በፊት ያው ባለሙያ ለየብቻቸው ያስረዳቸው።

ወንድሟ በጉዲፈቻ የሄደባት ተሳታፊ፦
ሁለታችሁም ስለ እናትና ልጅ ብቻ ነው የምታወሩት። ታናሽ ወንድሜ ሲሄድ እኔ ነፍስ አውቄ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። እናታችን አርፋለች። በእናንተ አሠራር ባለሙያው ሊያነጋግራት መጥቶ መሞቷን ሰምቶ ፋይሉን ይዘጋዋል፣ እኔ እዚሁ ተቀምጬ እያለሁ! አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ አስተዳደጉ ለመንግሥት ሪፖርት የመላክ ግዴታ ነበረባቸው። ለእኛ ቤት ግን አንድም ፎቶ አልደረሰም። መዝገቡ ይከፈት ከተባለ ለሚፈልገው ልጅ ብቻ አይሁን። እኔም ሄጄ «ወንድሜን እፈልጋለሁ» ብዬ የምመዘገብበት ቢሮ ይኑር፤ እሱ ሲጠይቅ ስሜን እዚያ እንዲያገኘው። ወንድሜ እምቢ የማለት መብት አለው፣ እሱን አልከለክለውም። ነገር ግን እየፈለግሁት መሆኑን ሳያውቅ እምቢ እንዳለ ተደርጎ እንዲቆጠር አልፈልግም።