ላንድክሩዘር 75ን ለኤርታ አሌ ድንጋይ ማዘጋጀት፦ ባሌስትራ ልጨምር?

ሰሜን75፦ ሰላም ወንድሞች። መኪናው ላንድክሩዘር 75፣ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ ጎማው 7.50 አር 16 ባለ ካላማዳሪያ ነው። ለላቫው ድንጋይ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ከኋላ ሁለት ቅጠል ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ልጨምር አስቤያለሁ። ያዋጣል?

ቦኮላ፦ ቅጠል አትጨምር። ባሌስትራው ከደረቀ አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሳና ባዶውን ይሽከረከራል፣ መኪናው እዚያው ይቆማል። 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ (ንዝረት መጥጫው) ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የትራንስሚሲዮኑ (ኃይል ወደ አክሱ የሚወስደው ዘንግ) አንግል ይከፋል፣ ክሮቼራው (የዘንጉ መስቀል መጋጠሚያ) ቶሎ ይበላል። ከገጠምክ በኋላ ሻንሲውን በክሪክ አንሳና ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ የፍሬን ቱቦውን እይ፤ ከተወጠረ በረዘመ ቀይረው። ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቡሎኖች ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ አጥብቅ። ከላሉ አክሱ ይንሸራተትና የባሌስትራውን ቅጠሎች የሚይዘውን የመሃል ቡሎን ይቆርጠዋል።

ሪዶታ፦ ቦኮላ ልክ ነው፤ ግን ከከፍታው በፊት ጎማ! ላቫ የሚቀደው የጎማውን ጎን ስለሆነ ጎኑ ወፍራም የሆነ ግዛ፣ ሁለት ስኮርታም ያዝ። ካላማዳሪያ እስካለው ድረስ ነፋሱን ከ25 ፒኤስአይ በታች አታውርድ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና ቫልቩን ይነቅለዋል። ድንጋዩ ላይ በሪዶታ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት በሚጨምረው ማርሽ)፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ንዳ። አስፋልት ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ሙላ።

ሰሜን75፦ የዲፈረንሻል ሎክስ፣ የግራና የቀኙን ጎማ አብሮ እንዲዞር የሚቆልፈው?

ቦኮላ፦ ለአንድ ብቻ ከሆነ አቅምህ የኋላውን። የፊቱ ሲቆለፍ መሪው ይከብዳል፣ መሪ ጠምዝዘህ ነዳጅ ከሰጠህ ደግሞ የፊት አክሱ መጋጠሚያ ይሰበራል።